ሴራሚኩ ሲደርቅ አንደኛ፣ ሲረጥብ መጨረሻ፦ ከባሕር ዳር የአንድ የሰበቃ ልኬት ጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ ከየት ተነሳ

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር ከተማ የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ስለሠራው የሰበቃ ልኬት ነው፤ ሰበቃ ሁለት ገጾች ሲነካኩ መንሸራተትን የሚይዘው ኃይል ነው። የትምህርት ቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። እኔ በሌላ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ስፕሪንግ ባላንስ፣ ማለትም ኃይል የሚለካ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን፣ ሊዋስ እኔ ጋ መጣ። ለምን እንደፈለገው ሲነግረኝ ዕቃውን ሰጥቼ መቅረት አልቻልኩም፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ሕንፃዎችን የሚያገናኝ ረጅም በረንዳ አለው። በአንደኛው ጫፍ ሁለት ደረጃና ለዊልቸር ተብሎ የተሠራ ተዳፋት አለ። ወለሉ ድሮ ሊሾ ነበር። ተሰነጣጥቆና ተቦርቡሮ ለዓይን የሚያስጠላ ሆኖ ነበር። ወላጆች አዋጡና ነጭ ሴራሚክ ተነጠፈ። በጋውን ሙሉ ሁሉም ደስ ብሎት ተራመደበት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ጀመረ። ጣና ዳር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው እዚህ ዝናብ ከላይ ብቻ አይወርድም፤ ነፋስ እየገፋው በጎን ይገባል። ጣሪያ ያለው በረንዳም ይረጥባል። ልጆች መንሸራተት ጀመሩ። የአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የእጅ አንጓ ተሰነጠቀ። አንዲት መምህርት የፈተና ወረቀት እንደታቀፉ ወድቀው ወገባቸውን ተመቱ።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ከወላጆች ገሚሶቹ «ሴራሚኩ ይነቀል» አሉ። ሌሎቹ «ያን ያህል ብር ፈሶበት እንዴት ይነቀላል? ልጆቹ አይሩጡ» አሉ። ግንበኛው ተጠርቶ «ዕቃው አንደኛ ደረጃ ነው፤ ይልቅ የልጆቹን ጫማ እዩት» አለ። ርዕሰ መምህሯ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ የክበቡን መምህር አስጠሩትና «መምህር፣ እናንተ ሰበቃ ሰበቃ ስትሉ ነው የምትውሉት። እስቲ ለክታችሁ ንገሩኝ» አሉት።

እኔን የሳበኝ ይህ ነው። የትምህርት ቤት ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ተማሪው የሚደክመው መጽሐፉ ያለው ላይ ለመድረስ ነው። እዚህ ግን መልሱ የትም አልተጻፈም፤ ደግሞም ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ነበረ።

## የተጠበቀው

የክበቡ ልጆች ከመለካታቸው በፊት ግምታቸውን ጻፉ። መምህሩ ግድ ብሏቸው ነው። የአንዱ ግምት ከሌላው ብዙም አይለይም። ሻካራው ሲሚንቶ ከሁሉም በላይ ይይዛል፣ ሊሾ ይከተላል፣ ሴራሚክ መጨረሻ ነው። ምክንያታቸውም አንድ ነው፤ ሻካራ ገጽ ብዙ ሰበቃ አለው፣ ለስላሳ ገጽ ትንሽ። ሁላችንም ይህንን ሸምድደን ነው ያደግነው። ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ሲጎተትና ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ሲጎተት የሚታየው ልዩነትም ይህንኑ ያሳምናል።

ከትምህርት የያዙት ሌላ ነገርም አለ። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1699 ሁለት ሕጎች አስቀምጧል። ሰበቃ ገጹን ከሚጫነው ክብደት ጋር በተመጣጣኝ ያድጋል። የሚነካካው ስፋት ደግሞ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ የመጎተቻውን ኃይል ለክብደቱ ብናካፍለው የሁለቱ ገጾች መለያ የሚሆን ቁጥር እናገኛለን። የሰበቃ ኮኤፊሸንት የሚባለው ይህ ነው።

## የመጀመሪያው ልኬት አልሆነም

ልጆቹ ከጣውላ ትንሽ ተጎታች ሠሩ። ካረጀ ሸራ ጫማ ሶል ቆርጠው ከሥሩ በማስቲሽ ለጠፉበት። ከላይ ውሃ የሞሉ ሁለት ሃይላንዶች አሰሩበት። ሱቅ ወስደው አስመዘኑትና ጠቅላላው ልክ 2 ኪሎ እስኪሆን ድረስ ውሃ ቀነሱ። ብልህነት ነው፤ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ መቀነስ አይቻልም። በኃይል መለኪያው በኒውተን ሲሰላ የ2 ኪሎ ዕቃ ክብደት 20 ኒውተን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ስፕሪንግ ባላንሱን አያይዘው መጎተት ጀመሩ። ቁጥሩ ግን ሊያዝ አልቻለም። በአንድ ሴራሚክ ላይ አንዱ ልጅ ሲጎትት ሌላው ከሚያገኘው ብዙ ይራራቃል። ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ተለቀሙ።

የመጀመሪያው የእጅ ነገር ነው። እጅ እኩል አይጎትትም። ተጎታቹ ይነሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። የባላንሱ ቀስት ይዘልላል። አንዱ የሚያነበው ዕቃው ሊነሳ ሲል ያለውን ትልቁን ቁጥር ነው፤ ሌላው የሚያነበው እየሄደ ያለውን ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቆመን ዕቃ ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል፣ ማለትም ስታቲክ ሰበቃ፣ ብዙውን ጊዜ እየሄደ ላለው ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ልጆቹ ይህን በቃል ያውቁታል። ሲለኩ ግን ደባልቀውታል።

ሁለተኛው የገመዱ አቅጣጫ ነው። ጎንበስ ማለት የሰለቸው ልጅ ቆሞ ይጎትታል። ገመዱ ወደ ላይ ሲያዘነብል የተጎታቹን ክብደት በከፊል ያነሳለታል። ወለሉ ላይ ያረፈው ጫና ሲቀንስ ሰበቃውም ይቀንሳል። ገመዱ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ግን ብዙ መምህራን ይዘሉታል። ስፕሪንግ ባላንስ ተንጠልጥሎ እንዲሠራ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ሲጋደም የመንጠቆው ክብደት ስለማይስበው ዜሮው ይንቀሳቀሳል። አጋድሞ ዜሮውን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

የእጁን ችግር ለመፍታት መጀመሪያ ያሰቡት ጥሩ ዘዴ ነበር። ባላንሱ ከግድግዳ ላይ ካለ ሚስማር ጋር ይታሰራል። ተጎታቹ ባለበት ይቆማል፤ የሚጎተተው ከሥሩ ያለው ገጽ ነው። ቀስቱ ከዚያ በኋላ አይዘልልም፤ ረጋ ብሎ ይነበባል። ከግንበኛው የተረፈ አንድ ሴራሚክ ነበርና በእሱ ሞከሩት፤ ሠራ። ግን የተነጠፈ በረንዳ አይጎተትም! ከተረፈው ሴራሚክ ላይ የሚገኘው ቁጥር ደግሞ ማንም ያልተራመደበት አዲስ ገጽ ቁጥር ነው። ርዕሰ መምህሯ የጠየቁት ስለ በረንዳው ነው።

## ሳይክሏ

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። መፍትሔውም ከዚያው መጣ። ከክበቡ አንዱ ልጅ ሳይክሉን ገልብጦ በመቀመጫዋና በመሪዋ አቆማት። የኋላውን ጎማና ከመነዳሪ አወጡ። ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ጠንካራ ናይለን ክር ገዙና በኋላው እግር መሃል ባለው ቀጭን ሞዞ ላይ አሰሩ። ፔዳሉ ቀስ ብሎ ሲዞር ክሩ ሞዞው ላይ ይጠመጠማል፤ ተጎታቹም ያለ ዝላይ ይመጣል። ሁለት ልጆች ሳይክሏን ደግፈው ይይዛሉ። አንደኛዋ ፔዳሉን ታዞራለች። የመምህሩ ስልክ ተጎታቹ ላይ ታስሮ ቀስቱን በቪዲዮ ይቀርጻል። የስልኩም ክብደት ከ2 ኪሎው ውስጥ እንዲገባ ከውሃው ላይ ሌላ ትንሽ ተደፋ።

በዚህ ደረጃ ሳይክሏ ቀስ ብሎ መጎተቻ ብቻ ነበረች። በኋላ ከዚያ በላይ ጠቀመች።

## ደረቁ ውጤት

ደረቅ ቀን መርጠው ሦስት ገጾች ለኩ። አንዱ ሴራሚኩ ነው። ሁለተኛው ቢሮዎቹ አካባቢ ሳይነካ የቀረው አሮጌ ሊሾ ነው። ሦስተኛው ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለው፣ ግንበኛ እርጥቡን በመጥረጊያ ያሻከረው ሲሚንቶ ነው።

ሴራሚክ አንደኛ ወጣ። የሚጎትተው ኃይል ወደ 16 እና 17 ኒውተን ነበር። ሻካራው ሲሚንቶ ከ14 እስከ 15፣ ሊሾው ወደ 13።

ልጆቹ ደነገጡ። ከመካከላቸው አንዱ ተስፋ ሳይቆርጥ «ቲቸር፣ ተሳስተናል፤ እንሰርዘውና እንደገና እንለካ» አለ። መምህሩ ያለው ነገር ይህ ጉዳይ ለምን መጻፍ እንዳለበት ያሳያል። «እንደገና ለኩ፤ ይህን ግን ማንም አይሰርዝም» አላቸው። እንደገና ለኩ። ያው ሆነ።

ምክንያቱ ጎማ ነው። ጎማ እንደ ጣውላ አይደለም፤ ይለጠጣል። ንጹሕና ደረቅ ለስላሳ ገጽ ሲያገኝ ጠጋ ብሎ ይለጠፍበታል፣ በእውነት የሚነካካው ስፋትም ይጨምራል። ሻካራ ገጽ ላይ ግን ጫፍ ጫፉን ብቻ ይነካል፤ እዚያ የሚይዘው በጫፎቹ መካከል እየተጎረበጠ ነው። ስለዚህ «ለስላሳ ማለት ትንሽ ሰበቃ» የሚለው ነገር ከጫማ ሶልና ከደረቅ ሴራሚክ ጋር ሲመጣ አይሠራም። ጎማ የአሞንቶንን ሕግም ሙሉ በሙሉ አያከብርም። ልጆቹ ክብደቱን እጥፍ ሲያደርጉት የሚጎትተው ኃይል እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው፤ ባላንሱ ከ20 ኒውተን በላይ ስለማይለካ ይህን ያዩት ውሃውን ቀንሰው ከ1 ኪሎ በመነሳት ነው።

ግንበኛው ይህን ውጤት ሰምቶ በጣም ደስ አለው። «አላልኳችሁም?» ብሎ ሄደ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሳይንስ ክበቡ በቁጥር የተደገፈ የተሳሳተ ምክር ይሰጥ ነበር።

## ውሃ ሲጨመር

ቀጥሎ በረንዳውን በባልዲ አረጠቡት። ሁሉም ሴራሚኩ አሁን ይወርዳል ብሎ ጠበቀ። የመጀመሪያው ንባብ ግን ከደረቁ ብዙም አላነሰም፤ 14 ኒውተን አካባቢ።

እዚህ ክበቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን «እንግዲህ ውሃም አያንሸራትትም፤ ልጆቹ ስለሚሮጡ ነው» ማለት ጀመረ። ሌላው ወገን ግን የተሰበረውን ልጅ አይቷል። የቁጥርና የእጅ አንጓ ክርክር ሆነ።

ነገሩን ያገኘችው ፔዳሉን የምታዞረው ልጅ ናት። እሷ ከሁሉም ጊዜ ያላት ናት፤ ሌሎቹ ስልኩን ሲያስተካክሉ ትጠብቃለች። ሲያስተካክሉ የቆዩ እንደሆነ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል፣ ቶሎ የጀመሩ እንደሆነ ዝቅ እንደሚል አስተዋለች። ፈተኗት፤ እውነት ነው። ተጎታቹ ባለበት ሲቆይ የራሱ ክብደት ከሥሩ ያለውን ውሃ ቀስ በቀስ ይጨምቀዋል። ውሃው ሲወጣ ሶሉ ከሴራሚኩ ጋር እንደ ደረቅ ይጣበቃል። የሚለኩት እርጥብ ወለል መስሏቸው ነበር እንጂ ከሶሉ ሥር ያለችው ቦታ ደርቃለች።

ይህ የልጆቹ ችግር ብቻ አይደለም። የወለል ሰበቃ የሚለኩ ባለሙያዎችም ቆሞ የሚጎተት መሣሪያ እርጥብ ለስላሳ ወለልን ከሚገባው በላይ ጥሩ አድርጎ እንደሚያሳይ ያውቃሉ። ለዚህ ነው በብዙ አገር እየተወዛወዘ መጥቶ ወለሉን በፍጥነት የሚነካ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ፔንዱለም የሚመርጡት። የሚንሸራተት ሰው ተረከዙን ወለሉ ላይ አስቀምጦ አይጠብቅም። ይረግጣል፣ ወዲያውም ይሄዳል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሻርል ኩሎምብም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 በታተመው ሥራው፣ ጎማ ሳይሆን እንጨትና ብረት ይዞ፣ ሁለት ገጾች ተነካክተው የቆዩበት ጊዜ ስታቲክ ሰበቃን እንደሚጨምር መርምሯል። ልጅቷ ይህን ሳታነብ ነው የደረሰችበት።

ከዚያ ሳይክሏ ሁለተኛ ሥራዋን ጀመረች። ክሩን ከሞዞው አውጥተው ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት፣ ቸርኬው፣ ላይ አደረጉት። ቸርኬው ከሞዞው ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋል። ፔዳሉ በዚያው ልክ ቢዞርም ተጎታቹ በዚያው እጥፍ ይፈጥናል። ተጎታቹን በእጅ ገፋ አድርገው እያስነሱ፣ ሳይቆም ይጎትቱት ጀመር። ከቪዲዮው ላይ መነሻውን ትተው መሃሉን ብቻ ያነባሉ፤ መነሻው ላይ ቀስቱ ስለሚዘልል።

አሁን ደረጃው ተገለበጠ። ሻካራው ሲሚንቶ ረጥቦ ወደ 12 ኒውተን ያዘ። ሊሾው ወደ 8 ወረደ። ሴራሚኩ 5 ላይ ደረሰ። ደርቆ አንደኛ የነበረው ረጥቦ መጨረሻ ሆነ።

ሻካራው ገጽ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃው የሚሸሽበት ቦታ ያገኛል፤ ጫፎቹ ውሃውን ሰብረው ሶሉን ይነካሉ። ለስላሳው ሴራሚክ ላይ ውሃው መሄጃ የለውም፤ ሶሉ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ይተኛል። በዚህ ላይ ሶሉ ያረጀና ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ውሃው ከላይም መውጫ ያጣል። የልጆቹ ጫማ ደግሞ አብዛኛው እንደዚያ ነው። ግንበኛው ግማሽ እውነት ነበረው።

## የጽዳት ሠራተኛዋ

ሁሉም ነገር እዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። ሴራሚኩን በየቀኑ የሚወለውሉት የጽዳት ሠራተኛ ልጆቹን ቆመው ሲያዩ ከርመው «ልጆቼ፣ እናንተ የምትለኩት የዝናብ ውሃ ነው። እኔ የማውቀው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነው የሚያንሸራትተው፤ ዝናብ ባይኖርም» አሏቸው። «ለምን እትዬ?» ሲሏቸው ባልዲያቸውን አሳዩ። የዱቄት ሳሙና በጥብጠው ይወለውሉና ውሃ ስለማይደርስ ሳያለቀልቁ ይተዉታል። ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው።

ልጆቹ ወለሉ እንደተለመደው ከተወለወለና ከደረቀ በኋላ ትንሽ ውሃ ረጩበትና በፍጥነት ጎተቱ። ንባቡ ከ3 ኒውተን በታች ወረደ። በክብደቱ ሲካፈል 0.15 አይሞላም። ሜዳ ላይ ረጋ ብሎ የሚራመድ ሰው እንዳይንሸራተት ወደ 0.2 ገደማ ያስፈልገዋል፤ የሚሮጥ ወይም የሚታጠፍ ደግሞ ከዚያ በላይ። ስለዚህ ሳሙናው ባለበት ያልሮጠ ልጅም ይወድቃል። የደረቀው ሳሙና በዓይን አይታይም። ዝናብ ሲነካው ግን እንደገና ይነሳል።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ይህ ውጤት ሲሰማ ከኮሚቴው አንድ ሁለት ሰዎች ጣታቸውን ወደ ሠራተኛዋ ሊቀስሩ ሞክረው ነበር። ርዕሰ መምህሯ አስቆሟቸው። ነገሩን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቦታ ላይ ሁለቴ አለቅልቂ ማለት በርሜል መግዛት ነው፤ በርሜል ሳይገዙ መውቀስ ደግሞ ቀላል ነው።

## ምን ተደረገ፣ የቱ ሠራ

መጀመሪያ የተደረገው ከልኬቱም በፊት ነው፤ በሩ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ተነጠፈ። ልጆቹ የከረጢቱንም ሥር ለኩት። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ራሱ ከረጢቱ ከነቆመበት ልጅ ይንሸራተታል። በዚያው ቀን ተነሳ።

ሁለተኛው ቀለም ላይ አሸዋ ነስንሶ በመስመር መቀባት ነው። ሲለካ ጥሩ ውጤት ሰጠ፤ ወደ ሻካራው ሲሚንቶ ቀረበ። ግን ቀለም የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ በደንብ አይያዝም። እግር በሚበዛበት መሃሉ ላይ ተላጠ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀረ። ማለትም ማንም በማይረግጥበት ቦታ ላይ ብቻ የማያንሸራትት በረንዳ ሆነ።

ከሁሉም የሠራው ርካሹ ነው። አንድ በርሜል ተገዛ፣ ሳሙናው ተቀነሰ፣ ወለሉ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ ጀመረ፣ ዝናብ ሲገባም የጎማ ውሃ መጥረጊያ ይዞ የሚገፋ ሰው ተመደበ። ካለቀለቁ በኋላ ሲለካ የ3 ኒውተኑ ንባብ ወደ 5 ተመለሰ። ይህ አሁንም ብዙ አይደለም። ሜዳው ላይ ለሚራመድ ይበቃል፤ ለተዳፋቱ ግን አይበቃም።

ስለዚህ ተዳፋቱና ሁለቱ ደረጃዎች ላይ ያለው ሴራሚክ ብቻ ተነቀለ። በምትኩ ሲሚንቶ ፈሶ በመጥረጊያ ተሻከረ። በረንዳው ሙሉ ይነቀል ያሉትም፣ ምንም አይነካ ያሉትም በከፊል ተከፉ። የጽዳት ሠራተኛዋም ቅሬታ አላቸው፤ ሻካራው ሲሚንቶ ጭቃ ይይዛል፣ ለመጥረግ ያደክማል። እውነታቸውን ነው።

ልጆች ከዚያ በኋላ መውደቅ ቀነሱ ወይ? መምህራኑ አዎ ይላሉ። እኔ ግን ይህን እንደ ውጤት አልጽፈውም። በፊት ስንት ልጅ ይወድቅ እንደነበር ማንም አልመዘገበም፤ የሚነጻጸርበት ቁጥር የለም። ጥበቃው በር ላይ ደብተር አላቸው። የወደቀ ልጅ ቁጥር እዚያው ቢሰፍር ኖሮ ምንም ወጪ አልነበረውም።

ያልሆኑ ሁለት ልኬቶችም አሉ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ኮብልስቶን አልተለካም። ተጎታቹ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ይደናቀፋል፤ የሚለካው ሰበቃ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል ይሆናል። ልጆቹ በእንጨት ፔንዱለም ለመሥራትም ሞክረው ነበር። ምሰሶው ይነቃነቃል፣ ጎማው ወለሉን የሚነካበት ርዝመት በየጊዜው ይለያያል። ተውት።

## ሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ይህን ሙከራ ለመድገም የሚያስብ መምህር ካለ፣ ከሁሉ በፊት ገጹን ሰው በሚጠቀምበት ሁኔታ ይለካው እላለሁ። ለባሕር ዳር ይህ ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥብ ወለል ነው። ሰበቃ የአንድ ገጽ ጠባይ አይደለም። የሁለት ገጾች፣ በመካከላቸው የገባው ነገር፣ የፍጥነቱና የቆይታው ጉዳይ ነው። በሠንጠረዥ ላይ «ሴራሚክ» ብሎ አንድ ቁጥር መጻፍ ተማሪውን ያሳስታል። «ያረጀ ሸራ ጫማ ሶል፣ የታጠበ እርጥብ ሴራሚክ፣ ፈጣን ጉተታ» ብሎ መጻፍ ረጅም ነው፤ ግን እውነት ነው።

ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ አለመሰረዝ የሚለውን ሁሉም መምህር በአፉ ይለዋል። በተግባር ግን ማርክ የምንሰጠው ለማን እንደሆነ እንይ። ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ለተስማማለት ልጅ አይደለም? ይህ ክበብ ሁለት ጊዜ እንግዳ ቁጥር አገኘ፤ ደረቁ ሴራሚክ አንደኛ ሲወጣና እርጥቡ ሴራሚክ እንደ ደረቅ ሲይዝ። ሁለቱም ትክክለኛ ንባቦች ነበሩ። የመጀመሪያው ስለ ጎማ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ አስተማረ። ከማርክ ጋር የተያያዘ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በላጲስ ይጠፉ ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

ለካን ከማለት በፊት ቦታውን በየቀኑ የሚነካ ሰው ማነጋገርም ጊዜ ይቆጥባል። የሳሙናውን ነገር ከፊዚክስ መጽሐፍ አናገኘውም ነበር።

ስለ ጫማዎቹ ደግሞ ክበቡ የወሰነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ልጆቹ ከተጎታቹ ሥር የተለያየ ሶል እየቀያየሩ ለክተዋል፤ ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ ኮንጎ ጫማ። ጠንካራው ፕላስቲክ ኮንጎ በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ከሁሉም ዝቅ ያለ ንባብ ሰጠ። ሠንጠረዡ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ ተዘጋጅቶ ነበር። አንዷ ተማሪ «እኛ ክፍል ኮንጎ የሚያደርጉትን ሁሉም ያውቃቸዋል» አለች። መምህሩ ተማሪዎቹን አስመረጠና ሰሌዳው ላይ የወለሉ ሠንጠረዥ ብቻ ወጣ። የጫማው ለርዕሰ መምህሯ በእጅ ተሰጠ፤ እሳቸውም ከወላጅ ኮሚቴው ጋር በሚቀጥለው መስከረም ለተቸገሩ ልጆች ከደብተርና እስክሪብቶ ጋር ጫማ እንዲታሰብ አጀንዳ አስያዙት።